ፍሪሲዮኑ ከበደኝ

መስከረም 9

ይድረስ ለአባቴ ወንድም፣ ለጋሼ፤

ይህ ወረቀት ጤናዎ ተሟልቶ፣ ቤትዎ ሰላም ሆኖ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራም አልጠፋ፤ በባዕድ አገርም ቢሆን ሰው መስኮት እስካለው ድረስ መጋረጃ ማሰፋቱ አይቀርም። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ መዶሻ የሰማ ጆሮ ስልክ እንደማይሰማ ስለማውቅ ነው ዛሬም ብዕር ያነሳሁት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። መኪና ልገዛ ነው! አይሳቁ። የመጋረጃ ጥቅልና የብረት ዘንግ ተሸክሞ አውቶቡስ መሳፈር አንገሸገሸኝ። ባለፈው ሳምንት ዘንጌ የአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ አንስቶ ሁለት ፌርማታ ይዞት ሄደ፤ ሰውየው ራሱን እየዳበሰ ሲፈልገው እኔ የማላውቅ መስዬ በመስኮት ወደ ውጭ አይ ነበር።

መኪናው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚሸጠው ጡረታ የወጣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ወንበሩ ውስጥ እስካሁን ዱቄት አለ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ዝገቱም ብዙ አይደለም። ነገር ግን ፍሪሲዮኑ ይከብዳል። ማርሽ ልቀይር በግራ እግሬ ስረግጠው ግድግዳ የምገፋ ነው የሚመስለኝ። ሰፈሩን አንዴ ዞሬ ስመለስ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋጋሪውን ብጠይቀው «ይለመዳል» አለኝ። ደህና ሰው ነው፤ ሌላ ገዢ ቢመጣም ሁለት ወር ሊጠብቀኝ ቃል ገብቶልኛል።

ምን ልመልከት? ምን ልንካ? ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ። መኪና የሚባል ነገር ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ምክንያቱን እርስዎም ያውቁታል።

የወንድምዎ ልጅ፣ መጋረጃ ሰፊዋ

.

መስከረም 24

ለልጄ፣ ለጩጬ፤

እንደምን ከርመሻል? ፈጣሪ በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ የሰው ፊት ያሳምርልሽ። ደብዳቤሽን እናትሽ እንዳታይብኝ ጋራዡ ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮ ጀርባ ሆኜ ነው ያነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ አስደበቅሽኝ!

እንግዲህ ጋሽ መፍቻ ብለው የሰየሙኝ ለሹፈት ብቻ አይደለምና ስሚኝ። ፍሪሲዮን ያለ ምክንያት አይከብድም። መርገጥ ስትጀምሪ፣ ገና ከላይ ከከበደ፣ የፔዳሉ ማጠፊያ ቅባት፣ ግራሶ፣ ጠምቶታል፤ ይኼ ምንም አይደል። መሀል ላይ እየያዘ እየለቀቀ ከወረደ ገመዱ ውስጥ ለውስጥ ዝጓል፣ ወይም ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል። ይኼም በግማሽ ቀን የሚቀየር ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል ከከበደ ግን ጣጣው ከውስጥ ነው። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ሞላው እየጠነከረ ይመጣል፤ ያኔ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ካልወረደ በቀር አይሆንም፣ ጋጋሪው ሰውዬ ዱቄቱን ጨምሮ ይያዘው።

ስለዚህ ሞተሩን አጥፊው። ጎንበስ በይና ፔዳሉን በእጅሽ ተጫኚው። እግር ጫማ ለብሶ ምንም አይገባውም፣ እጅ ግን የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ሳይቀር ይለያል። ቀጥለሽ ኮፈኑን ክፈቺና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዪው። ከዚያ ሌላ ሰው አስቀምጪና ሲረግጠው ፊቱን ተመልከቺ። ሰው በአፉ ይዋሻል እንጂ ከባድ ነገር ሲገፋ ከንፈሩን ሳይነክስ አይቀርም።

አርባ ዓመት ስሠራ ፍሪሲዮን ከበደኝ ብሎኝ ምክንያቱን ያላገኘሁለት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱን እንተወው። የደረስሽበትን ጻፊልኝ፣ ሳልነግርሽ እንዳትገዢ።

አጎትሽ

.

ጥቅምት 11

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን ይስጥልኝ። ያዘዙኝን ሁሉ አደረግሁ፤ ነገሩ ግን ጭራሽ ግራ ገባኝ።

በእጄ ስጫነው ቅቤ ነው! ሳይንገጫገጭ፣ ሳይዝ፣ ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ወረደ። ገመዱን አየሁ፣ አዲስ ነው፤ ጋጋሪው አምና አስቀይሮት ደረሰኙን አሳየኝ። ግራሶውም በቦታው አለ። ከዚያ ሚስቱን አስቀመጥኳት። ሴትየዋ ብትመዘን ከአንድ ጥቅል መጋረጃ አትበልጥም፤ በቤት ጫማ ሆና ስለ ልጆቿ እያወራችልኝ ረገጠችው። ከንፈሯን እያየሁ ነበር፣ ንክሻ የለም፤ እንዲያውም ትስቅ ነበር። እኔ ስቀመጥ እንደገና ግድግዳ ሆነብኝ። ወንበሩን ወደፊት ሳብኩት፣ ያው ነው።

ተናደድኩና ሌላ ሰፈር የሚሸጥ ሌላ መኪና ሄጄ ሞከርኩ። እሱም ከባድ ነው። ሦስተኛም ሞከርኩ፤ ያው። ጋሼ፣ የዛሬ ፍሪሲዮን ሁሉ ተማክሮ ደርቋል ልበል? ወይስ መኪና የኔ ዕጣ አይደለም?

ዘንድሮ ነገር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ባለፈው ከመሰላል ወድቄ ክርኔ ተላጠ። አዲስ የገዛሁት ጫማ በሁለት ወሩ የግራው አፍንጫ ብቻ ተበላ፤ ሻጩን ልጣላው ሄጄ «አንቺ ነሽ የምትጎትቺው» ብሎ መለሰኝ። ነጠላ ጫማዬ ደግሞ ደረጃ ላይ ይቀራል፣ ባዶ እግሬን መሆኔን የማውቀው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ፈዝዣለሁ መሰለኝ።

ጋጋሪው ይጠብቀኛል። ምን ልበለው?

መጋረጃ ሰፊዋ

.

ጥቅምት 23

ልጄ፤

ሰላምታዬ አጭር በመሆኑ አትቀየሚኝ። ቸኩያለሁ።

መኪናውን ተይው። መኪናው ምንም የለበትም።

ይህን እንዳነበብሽ ጫማሽን አውልቂና ግድግዳ ይዘሽ ቁሚ። በተረከዝሽ ብቻ ቆመሽ የሁለቱንም እግር ጣቶች ወደ ላይ አንሺ። ግራው አልነሳ ካለ በማግሥቱ ሥራ እንዳትገቢ። ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የጉልበት አይደለም፣ የነርቭ ሐኪም ብለሽ ጠይቂ። ፔዳሉንም በቀኝ እግርሽ ሞክሪው ልልሽ ነበር፣ አሁን ግን ለሱ ጊዜ አታባክኚ።

ጫማሽ ሲወልቅ አይታወቅሽም ማለት ነው? ወይስ ታውቂና ትተይዋለሽ? ይህን ለይተሽ ጻፊልኝ።

እባክሽ ልጄ። ለምን አትበይኝ፣ ሂጂ።

አጎትሽ

.

ኅዳር 8

ይድረስ ለጋሼ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ሰላም የለኝም።

ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ከፍቼ እዚያው ጫማዬን አወለቅሁ። የቀኝ እግሬ ጣቶች ተነሱ። የግራዎቹ መሬት ላይ እንደተለጠፉ ቀሩ። ተነሱ እያልኩ አየኋቸው፤ የሌላ ሰው ጣቶች ናቸው የሚመስሉት።  ጎረቤቴ በዚያ ስታልፍ «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ፤ «ጣቶቼ» አልኳት።

ይቅር ቢሉኝም በቀኝ እግሬም ሞከርኩት፣ እልህ ይዞኝ። ጋጋሪው ቤት ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ ጠመም ብዬ ፍሪሲዮኑን በቀኝ እግሬ ረገጥኩት። ወረደ። ምንም ሳይከብድ ወረደ። መሪውን ይዤ አለቀስኩ፤ ሚስትየው ዋጋው የበዛብኝ መስሏት ልትቀንስልኝ ባሏን ትለምነው ጀመር።

ጫማው ሲወልቅ አይታወቀኝም።

ሐኪሙ ማሽን ውስጥ አስገብቶ አነሳኝ። ወገቤ ላይ፣ አከርካሪዬ ውስጥ፣ ነርቭ ላይ የተቀመጠ ዕጢ አለ። ክፉው ዓይነት አይመስለኝም ብሎኛል፣ ግን እያደገ ነው፤ ካልወጣ እግሩ አይመለስም። ታኅሣሥ 20 ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉልኝ ቀጠሮ ተይዞልኛል። አንድ ነገር ደጋግሞ ጠየቀኝ፦ «ከዘመዶችሽ እግሩ የሰነፈ፣ የሰለለ ሰው አለ?» የዘር ከሆነ አንድ ቦታ ብቻ አይበቅልም፣ ከአንገት እስከ ወገብ መታየት አለብሽ ነው የሚለው። የለም አልኩት። አባቴ ጠጥቶ ሲነዳ መኪና ገልብጦ ሞተ እንጂ በሽታ አያውቅም አልኩት።

ጋሼ፣ እኔ የጠየቅሁዎ ስለ መኪና ነው። ስለ እግሬ እንዴት አወቁ?

ልጅዎ

.

ኅዳር 30

ጋሼ፤

መልስዎ አልመጣም። ፖስተኛው በሩን ሲያልፍ በመስኮት አየዋለሁ። እማዬ እሁድ ስደውልላት አጎትሽ ደህና ነው፣ ጋራዡ ይውላል፣ ግን እህል አይቀምስም አለችኝ። የሚያውቁት ነገር ካለ ከታኅሣሥ 20 በፊት ይንገሩኝ። በኋላ ምን ይሠራልኛል?

.

ታኅሣሥ 4

ለወንድሜ ልጅ፤

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። የኅዳር ስምንቱ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ይኼንን ወደዚያ ለሚበር መንገደኛ ነው የምሰጠው፣ እጅሽ ሳያስገባ እንዳይመለስ ለምኜዋለሁ።

ምክንያቱን አላገኘሁለትም ያልኩሽ ሰው አባትሽ ነው።

የሞተ ዓመት፣ ገና ከክረምት በፊት፣ የጭነት መኪናውን ጋራዥ አስገባና «ወንድሜ፣ ፍሪሲዮኑ ከበደኝ» አለኝ። አወረድኩት፣ ሸራ ቀየርኩ። በወሩ ተመልሶ መጣ፤ ያው ነው አለ። እንደገና አወረድኩ፣ ኩሽኔታውን ከነሞላው ቀየርኩ። ራሴ ስረግጠው ልስልስ ያለ ነው። ሦስተኛ ሲመጣ ሠራተኞቹ ፊት አፌዝኩበት። «መኪናው ደህና ነው፣ የሰነፈው ያንተ እግር ነው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ሲወጣ ግራ እግሩን እንደሚጎትት አየሁ፤ ነጠላ ጫማው ጋራዡ በር ላይ ወልቆ ቀረ፣ አላወቀም። አንስቼ ጮክ ብዬ ጠራሁትና ሰጠሁት። ልጄ፣ በአፌ እውነቱን ተናግሬ ሳበቃ አልሰማሁትም። መካኒክ ነኛ! ሰው መጥቶ ታመምኩ ቢለኝ ኮፈን ነው የምከፍተው።

አራተኛ አልመጣም። አፍሮ ነው።

የተገለበጠ ቀን ከትራፊክ ፖሊሱ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ረጅም ቁልቁለት ነው። ማርሹ ባዶ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ጭነት ይዞ ቁልቁለት በባዶ ማርሽ አይወርድም። ማርሹን ከላይኛው አውጥቶታል፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ታችኛውን ማስገባት ግን አልቻለም። ፍሬኑ ብቻውን ያን ሁሉ ጭነት ይዞ ጋየ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ደግሞ ማሰሪያ አየሁ። ከቦርሳ ማንገቻ የተሠራ፣ በወፍራም ክር ተደራርቦ የተሰፋ፣ እግር የሚገባበት ቀለበት። እግሩ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው ያሠራው ነው። ማን እንደሠራለት አላውቅም።

መታመሙን አላየህለትም ወይ እንዳልባል በቢላዬ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። ፖሊሱ ሲመጣ «መኪናው ጉድለት የለበትም፣ እኔ ነኝ የምጠግነው» አልኩ። እውነት ነው፣ ጉድለት አልነበረበትም። ከዚያ ሰው የራሱን ሞላበት። መኪናው ደህና ከሆነ ሾፌሩ ጠጥቶ ነው አሉ። እኔም ዝም አልኩ። አባትሽ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም።

ለሐኪሙ አለ በዪው። አባቴ በዪው። ከአንገት እስከ ወገብ ይይልሽ።

ምን ብዬ እንደምሰናበትሽ አላውቅም። ስትታከሚ ፈጣሪ ከጎንሽ ይሁን።

.

ጥር 6

ለአጎቴ፤

መንገደኛው ደብዳቤዎን ታኅሣሥ 17፣ ሆስፒታል ገብቼ ሳለ፣ አልጋዬ ድረስ አመጣልኝ። ነርሷ ፊቴን አይታ ውኃ ይዛ ሮጣ መጣች።

ለሐኪሙ ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ወዲያው እንደገና ማሽኑ ውስጥ አስገባኝ። አንገቴ ሥር ሁለተኛ አገኘ፣ ገና የምስር ፍሬ የምታክል። አሁን አትነካም፣ በየስድስት ወሩ ትታያለች፤ ሳትታወቅ ብታድግ ግን እጄንም እግሬንም ትወስድ ነበር አለኝ። የወገቡ ወጣ። ትልቁ ጣቴ ትናንት ተንቀሳቀሰ። ሌሎቹ ገና ናቸው። በምርኩዝ እሄዳለሁ።

ሐኪሙ «ይህን የጻፈው ሰው ለምን አልደወለም?» ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮው አይሰማም፣ በመዶሻ ጩኸት ነው አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይኸው ዕጢ የጆሮ ነርቭ ላይም ይወጣልና ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመር አለ። ነገ ይሂዱ። ለምን አይበሉኝ፣ ይሂዱ።

ይኸው፣ ሕይወቴን አተረፉልኝ። አሁን ሌላውን ልበልዎ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የሰካራሙ ልጅ ሲሉኝ አጥር ሥር ተደብቄ አለቅስ ነበር፤ እርስዎ መጥተው እጄን ይዘው ቤት ያደርሱኝ ነበር፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አባቴን ጠላሁት፣ ጋሼ። ፎቶውን ከሻንጣዬ አውጥቼ ጥዬ ነው ከአገር የወጣሁት። ሰው ሲጠይቀኝ ስሙን አልጠራም። እሱ ለካ እግሩን በማሰሪያ አስሮ እኛን ሊያበላ ይነዳ ነበር። 

ይቅር ብዬዎታለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና አላልኩም። አንድ ነገር ያድርጉልኝ። እማዬ ጋ ይግቡና ፊቷ ተቀምጠው ይንገሯት። በኔ አፍ፣ በስልክ እንዳትሰማው። ባሏ ሰካራም አለመሆኑን ከርስዎ ትስማ።

የወንድምዎ ልጅ

.

ጥር 22

ለልጄ፤

ጣትሽ መንቀሳቀሱን ሳነብ ወረቀቱን ሳምኩት። ይቅርታውን አልጠይቅሽም። ጆሮዬን ታይቻለሁ፤ ሐኪምሽ አልተሳሳተም። እኔም ሌላ ኮፈን ስከፍት ኖሬያለሁ። የሚደረገውን እያደረጉልኝ ነው፣ ስለኔ አታስቢ።

ወደ እናትሽ ገባሁ። በሯ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ፊቷ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና ከፍሪሲዮኑ ጀምሬ እስከ ማሰሪያው ነገርኳት። ድምፄን ስለማልሰማው ለካ ስጮህ ኖሯል። ዞር ስል የግቢው ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሟል። ሰካራም ነው ሲሉ የኖሩት ሳይቀሩ መሬት መሬት ያያሉ። አንዷ ጎረቤት አፏን በእጇ ይዛለች።

እናትሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ወደ ጆሮዬ ቀርባ «ማሰሪያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለችኝ።

 ደግሚልኝ አልኳት፣ ደገመችልኝ። ጠዋት ጠዋት ካልሲውን የምታለብሰው እሷ ነበረች። እግሩ እንደሞተበት ታውቅ ነበር። ወንድሜ ከሰማ ከመኪና ያወርደኛል ብሎ እንዳትናገር አስምሏታል። ጋራዥ ሠራተኞች ፊት ከሳቅሁበት በኋላ ደግሞ ጨርሶ አፍኖ ያዘው። የቦርሳዋን ማንገቻ ቆርጣ በእጇ ሰፋችለት። ሲሞት እግሩ ማሰሪያው ውስጥ ተይዞ መውጣት አቅቶት የሞተ መስሏት፣ ገደልኩት ብላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ማሰሪያው ሳይገኝ ሲቀር ማን እንደወሰደው ስታስብ ኖረች። ጠጥቶ ነው ሲሉ ዝም ያለችው፣ አልጠጣም ካለች ታዲያ ምን ሆኖ ነው ብለው እንዳይጠይቋት ነው።

እግሩ ማሰሪያው ውስጥ አልነበረም አልኳት። ባዶውን ነው የቆረጥኩት። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

አንድ ግቢ ውስጥ፣ በር ለበር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሷ ከኔ ስትደብቅ እኔ ከሷ ስደብቅ። አንቺን መሀል አስቀምጠን።

ስለ ሕመምሽም ነገርኳት፣ አልደበቅሁም። ተነስታ እጇን ታጠበችና ወረቀት አምጣ አለችኝ። የራስህን ቃል እንዳትጨምርበት፣ እንዳልኩት ጻፍ አለችኝ። እንዳለችው ይኸው፦

«ልጄ፣ አባትሽ አልጠጣም ነበር። አውቅ ነበር። ሰፈሩ ስሙን ሲያጠፋው ዝም ያልኩት፣ አንቺም ስትጠዪው እያየሁ ዝም ያልኩት እናትሽ ነኝ። እሁድ ብትደውዪ አነሳለሁ። ባትደውዪም አልቀየምሽም።»